«በ3 ወር ቢ2» ስለሚለው ማስታወቂያ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጉዳዩ፦ የማታ ፈረንሳይኛን ይመለከታል

«ፈረንሳይኛ በማታ፤ በ3 ወር ቢ2» የሚል ወረቀት በየመብራት ምሰሶው ተለጥፎ ማየት ከተለመደ ሰነበተ። ሌላውን ሁሉ ትተን ሒሳቡን ብቻ እንሥራ። ቢ2 የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ካወጣቸው ስድስት የቋንቋ እርከኖች አራተኛው ነው። ቢ1ን የጨረሰ ተማሪ እዚያ ለመድረስ 200 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መማር እንዳለበት ታስቦ ነው ትምህርቱ በአብዛኛው የሚታቀደው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚማር ሰው በ12 ሳምንት የሚያገኘው 72 ሰዓት ነው፤ ከሲሶው ጥቂት ቢያልፍ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚማር ደግሞ 50 ሳምንት ይፈጃል፤ ገናው፣ ጥምቀቱ፣ ፋሲካውና አረፋው ሲነሱለት ከዓመት በላይ ማለት ነው። በዚህ ላይ መምህሩ ትራንስፖርት ያዘገያቸውን እየጠበቀ በየምሽቱ 20 ደቂቃ ቢያባክን፣ በ100 ምሽት 33 ሰዓት ሄደ። ክፍሉ በሰዓቱ ይጀመር፤ የዘገየው ተማሪ ብዙ እንዳይጎዳ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ባለፈው የቤት ሥራ ላይ የታዩ ስሕተቶች የሚታረሙበት ይሁን።

በሚቻኮለው ሰው አንፈርድም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፈረንሳይን ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው በንግግርም በጽሑፍም ቢ2 ማሳየት አለበት፤ ቀድሞ ቢ1 ይበቃው ነበር። ፓሪስ ወይም ሊዮን ያለ ዘመድ «ቶሎ ጨርስ» ብሎ የሚደውለው አለምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎችም ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካች የሚጠይቁት ይህንኑ ደረጃ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት አለ፤ ከጎን ጂቡቲ አለች። ፈላጊው ብዙ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚያድገው በፈላጊው ጥድፊያ ነው።

ዋናው ቅሬታችን ግን በወራቱ ቁጥር ላይ አይደለም። ቢ2 የአዲስ ሰዋስው ክምር አይደለም። ከቢ1 የሚለየው አቋም ይዞ ማስረዳትን፣ የተቃዋሚን ቃል ሰምቶ መመለስን፣ ይህንኑም በወጉ መጻፍን በመጠየቁ ነው። የማታው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሰዓት ባዶ ቦታ በማስሞላት ይጨርሰዋል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። 24 ተማሪ ያለው መምህር የ250 ቃል ጽሑፍ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 4 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህን 4 ሰዓት ደግሞ የሚከፍለው የለም። ባዶ ቦታ የተሞላበት ወረቀት ግን እዚያው ክፍል ውስጥ በአፍ ይታረማል። በዚህ ዓይነት መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ያልቃል፣ ተማሪው ግን አንድም ጽሑፍ ሳይታረምለት ፈተና ይቀመጣል።

ፈተናውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ዴልፍ ቢ2 (ደረጃው የሚመሰከርበት የፈረንሳይኛ ፈተና) ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ከ25 ይያዛል። ለማለፍ ከ100 ውስጥ 50 ያስፈልጋል፤ ከአራቱ በአንዱ ከ5 በታች ያገኘ ግን ድምሩ 70 ቢሆንም ይወድቃል። ማዳመጡ ግማሽ ሰዓት፣ ንባቡ አንድ ሰዓት፣ ጽሑፉ አንድ ሰዓት ነው። ማዳመጥና ማንበብ አሁን በምርጫ ጥያቄ ስለሚፈተኑ በልምምድ ይገፋሉ። ጉዱ የሚፈላው ጽሑፉና ንግግሩ ላይ ነው።

በጽሑፉ ቢያንስ 250 ቃል ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለከንቲባ፣ ለድርጅት ኃላፊ ወይም ለጋዜጣ የሚላክ አቋም ያለው ደብዳቤ ነው። ቃል የሚቆጠረው በሁለት ክፍት ቦታ መካከል ያለው ሁሉ አንድ ተብሎ ነው፤ ስለዚህ «ሴታዲር» («ማለትም») በጽሑፍ አራት ቁራጭ ቢመስልም አንድ ቃል ነው። አንድ ሰዓቱን እንዲህ ማከፋፈል ያዋጣል፦ ጥያቄውን ለማንበብ 5 ደቂቃ፣ ለንድፍ 10፣ ለመጻፍ 35፣ ለማረም 10። ከ250ው ቃል 40ው ለመግቢያ፣ 60 60 ለሦስት አንቀጾች፣ የተረፈው ለመዝጊያ። ንድፉን የሚዘልል ተማሪ 150ኛው ቃል ላይ ሐሳቡ ያልቅበትና የመጀመሪያውን አንቀጽ በሌላ ቃል መድገም ይጀምራል፤ አራሚውም ይህን ወዲያው ያየዋል።

ለደብዳቤው ቅርጽ የእኛ ማመልከቻ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል። «ጉዳዩ» የምንለው እነሱ ጋ «ኦብዤ» ነው፤ «ከሰላምታ ጋር» የምንለው በእነሱ ረጅም፣ በቃል የሚጠና የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያሳስተው አከፋፈቱ ነው። አማርኛ ጸሐፊ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ» ሲል እንደ ጨዋ ይታይለታል። በፈረንሳይኛ 40 ቃል ሰላምታ ላይ የጨረሰ ሰው ነጥብ የሚያስገኝለትን ቦታ አቃጠለ ማለት ነው። «ማዳም፣ መስዩ» ካሉ በኋላ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጻፉ መናገር ነው። ሌላው የሚጥለው ጥያቄውን በከፊል መመለስ ነው። ትእዛዙ «ችግሩን ግለጽ፣ መፍትሔ አቅርብ» ካለ፣ ችግሩን ብቻ 250 ቃል ያማረረ ሰው ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር ሙሉ ነጥብ አያገኝም። ግሦቹን አስምሮባቸው እያንዳንዱን በንድፉ ውስጥ መፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ሰዋስው እንምጣ። በየመጽሐፉ የማይገኘው፣ አማርኛ ተናጋሪን ብቻ ለይቶ የሚይዘው ስሕተት እዚህ ነው ያለው። (ጋዜጣችሁ በፊደላችን የሚታተም ስለሆነ የፈረንሳይኛውን ቃል እንደሚሰማ ጽፈነዋል፤ የሚያውቀው ይለየዋል።)

«ያነበብኩት መጽሐፍ» ስንል በግሡ ጫፍ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ተማሪው ያቺን «ት» ይዞ ይሻገርና «ለ ሊቭር ከ ዠ ሌ ሉ» ይላል። ፈረንሳይኛው «ከ» ራሱ መጽሐፉን ስለያዘ ሌላ ተውላጠ ስም አይፈልግም፤ «ለ ሊቭር ከ ዤ ሉ» ይበቃል። «የምኖርበት ቤት» ላይም «በት» ተሻግራ «ላ ሜዞን ኡ ዢ አቢት» ታስብላለች፤ ትክክሉ «ላ ሜዞን ኡ ዣቢት» ነው። የእርማቱ ዘዴ ቀላል ነው፦ ከ«ከ»፣ ከ«ኡ» እና ከ«ዶን» በኋላ ያለውን ግሥ አይቶ፣ ያንኑ ስም የሚደግም ተውላጠ ስም ካለ መሰረዝ። «ዶን» ራሷ የምታስቸግረው ግሡን ከነመስተዋድዱ ስለማናጠና ነው። «ፓርሌ» (ማውራት) ብሎ ብቻ የያዘ ሰው «የምናወራለት ፊልም» ላይ ይቆማል፤ «ፓርሌ ደ» ብሎ የያዘ ግን «ደ»ን ሲያይ «ዶን»ን ያወጣል። የደብተር ገጽ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ በ«ደ» የሚሄዱ ግሦች፣ በሌላው በ«አ» የሚሄዱ ይጻፉበት፤ 30 30 ግሥ ለቢ2 ብዙውን ይሸፍናል።

ሁለተኛው የንግግር ጥቅስ ነው። አማርኛ «እመጣለሁ አለ» ሲል የተናጋሪውን አፍ እንዳለ ያስቀምጣል። ይህ በቀጥታ ሲሻገር «ኢል አ ዲ ከ ዠ ቪየንድሬ» ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን «እኔ እንደምመጣ ተናገረ» ነው! የሚመጣው ሰው ተቀየረ። ትክክሉ «ኢል አ ዲ ኪል ቪየንድሬ» ነው፤ ሰውየውም ጊዜውም ይለወጣሉ። ይህ ስሕተት በንግግር በእጅ ምልክት ይሸፈናል፣ በጽሑፍ ግን የአንቀጹን ትርጉም ይገለብጣል።

ሦስተኛው «ቢሆን ኖሮ» ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» የሚለውን ስለ ዛሬም ስለ አምናም ልንለው እንችላለን፤ አድማጩ ከነገሩ ይረዳዋል። ፈረንሳይኛ ግን አስቀድሞ «ስለ መቼ ነው የምታወራው?» ይላል። ስለ ዛሬ ከሆነ ከ«ሲ» (ከእኛ «ቢ») በኋላ አንፓርፌ (ያልተፈጸመ ኃላፊ ጊዜ)፣ በሌላው ወገን ኮንዲሲዮኔል (የ«ቢሆን ኖሮ» የግሥ ቅርጽ)፤ ስለ አምና ከሆነ ከ«ሲ» በኋላ ፕሉስ-ከ-ፓርፌ (ሩቅ ኃላፊ ጊዜ)፣ በሌላው ወገን ኮንዲሲዮኔል ፓሴ (ያው ቅርጽ ባለፈ ጊዜ)። «ሲ ዦሬ» («ሲ»ን ከኮንዲሲዮኔል ጋር የሚያጣምር) የሚል ሐረግ በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቼም የለም። ከቢ2 ተማሪ ወረቀት በቀይ የሚሰመርበት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ደግሞ አለ «ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ»። የአማርኛ ውበት ነው። ተማሪው እያንዳንዱን «ቶ» በ«አን…አን» ሲተካ ግን፣ ፈረንሳዊው አንባቢ ሰውየው እየገባ እየተቀመጠ እየጠጣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ይታየዋል፤ ያ ቅርጽ «እያ»ን እንጂ «ቶ»ን አይተካምና። ለቅደም ተከተል «አፕሬ» ብሎ ያለፈ ንዑስ አንቀጽ (አንፊኒቲፍ ፓሴ) ማስከተል፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መቁረጥ ይሻላል። አምስት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ካለ በጥርጣሬ ይታይ።

ስለ ሱብዦንክቲፍ (ከአንዳንድ አያያዦች በኋላ ግሡ ስለሚይዘው ልዩ ቅርጽ) ብዙ ይባላል፤ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል ብለን እናምናለን። «ቢያን ከ»፣ «ፑር ከ»፣ «አቫን ከ»፣ «አ ኮንዲሲዮን ከ» ይፈልጉታል፤ «አፕሬ ከ» አይፈልገውም፤ «ኤስፔሬ ከ»ም በተለመደው አነጋገር አይፈልገውም። «ማልግሬ ከ» የሚለው ከወግ ጽሑፍ ይውጣ። በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣውም ስሕተት እንዲሁ በአጭሩ፦ «አክቱኤልማን» በአሁኑ ጊዜ ማለት ነው እንጂ «በእውነቱ» አይደለም፤ «ኤቫንቱኤልማን» እንደ ሁኔታው፣ ምናልባት ነው እንጂ «በመጨረሻ» አይደለም።

ድምፅ ላይ ፊደላችን ራሱ ችግሩን ያሳያል። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉትን ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ሁለቱም «ደሱ» ይሆናሉ። ልዩነታቸው አማርኛ የሌለው አናባቢ ነው። እሱን ለማውጣት «ኢ» ብሎ ጀምሮ፣ ምላስን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርን ለ«ኡ» እንደሚደረገው ማሞጠሞጥ ነው። ምላስ ወደ ኋላ ከሸሸ «ከላይ» ያሉት «ከታች» ይሆናል። በአፍንጫ የሚወጡትም እንዲሁ፦ ከፈረንሳይኛ የወሰድነውን «አሳንሰር» ልብ ብላችሁ ስሙት። በመካከሉ ያለችው «ን» በፈረንሳዊው አፍ የለችም፤ አናባቢው በአፍንጫ አለፈና እኛ «ን» ጨመርንለት። መጨረሻው «ሰር» የሆነውም የእነሱን አናባቢ ቅርባችን ወደሆነው ድምፅ ስበነው ነው። አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ትምህርት። በሌላ በኩል የምንበልጥበት ቦታም አለ። ማጥበቅና ማላላት ለእኛ የእናት ጡት ነው፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሌላ ሌላ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ፈረንሳይኛ ይህን የሚጠቀምበት ቦታ ጥቂት ነው፤ «ኩሪር» እና «ሙሪር» በሚሉት ግሦች ግን «ኩሬ» ሲላላ «ይሮጥ ነበር»፣ ሲጠብቅ «ቢሆን ኖሮ ይሮጥ ነበር» ይሆናል። የሌላ አገር ተማሪ የሚደነቃቀፍበትን የእኛ ተማሪ ሲነገረው ወዲያው ይይዘዋል፤ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

ንግግሩ እንዲህ ነው፦ ተፈታኙ ሁለት ርዕስ አውጥቶ አንዱን ይመርጣል፣ 30 ደቂቃ ይዘጋጃል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይፈተናል። መጀመሪያ ብቻውን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አቋሙን ያቀርባል፣ ቀሪው ክርክር ነው። በዝግጅቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ፈታኙ ፊት ወረቀቱን ማንበብ ይጀምርና ነጥብ ያጣል፤ አንድ ገጽ ላይ 15 ወይም 20 ቁልፍ ቃል፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የተሰጠውን ጽሑፍ ማጠቃለልም ሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ከራስ አቋም ላይ ይሰረቃል።

ክርክሩ ላይ የእኛን ተማሪ የሚጥለው ቋንቋ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ፈታኙ «አይመስለኝም» ሲል ተማሪው «ልክ ነዎት» ይልና ዝም ይላል። ትልቅ ሰውን መቃወም ነውር ሆኖበት ነው። ፈታኙ ግን አልተቆጣም፣ ሥራው መቃወም ነው፤ የሚለካውም ተማሪው እንዴት ቆሞ እንደሚመልስ ነው። የ«በላ ልበልሃ» አገር ልጅ ለዚህ ባዕድ ሊሆን አይገባም ነበር። ጨዋነቱን ሳይተው የሚመልስበት ቃል አለ፦ «ሰርት» ብሎ የፈታኙን ግማሽ ሐሳብ መቀበል፣ ከዚያ «ሜ» ብሎ የራስን ማስከተል፤ ልክ እንደ «እርግጥ ነው… ይሁን እንጂ»። «በአንጻሩ» ለማለት ደግሞ ለወግ «ፓር ኮንትር» ከማለት «አን ረቫንሽ» ይሻላል። ይህ በክፍል ውስጥ ካልተለመደ ፈተና ላይ አይመጣም። 24 ተማሪ በየተራ ይናገር ከተባለ በ40 ደቂቃ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ አይደርሰውም፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ደጋፊ አንዱ ተቃዋሚ ቢሆኑ ግን በዚያው 40 ደቂቃ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ይናገራል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። መምህሩ እየዞረ የሰማውን ስሕተት ይጻፍና በመጨረሻው 10 ደቂቃ ማን እንደተናገረው ሳይል ሰሌዳ ላይ ያውጣው።

ለማዳመጥ አርኤፍኢ የተባለው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ ዜና ከነጽሑፉ ይገኛል፤ ቴቬ ሳንክ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን መልመጃዎችም በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። 10 ደቂቃውን አንድ ጊዜ በታክሲ ውስጥ ሰምቶ ከማለፍ ሦስት ደቂቃውን አራት ጊዜ መስማት ይበልጣል። መጀመሪያ ሳያቋርጡ፤ ሁለተኛ ማን፣ ምን፣ የት የሚለውን እየጻፉ፤ ሦስተኛ ጽሑፉን ይዘው፤ አራተኛ ያለ ጽሑፉ። በሦስተኛው ላይ የሚያሰምሩበት የማያውቁት ቃል ሳይሆን የሚያውቁት ሆኖ ሳለ ያልሰሙት ይሁን። «ፓርስ ከ» በፈረንሳዊው አፍ «ፓስክ» ይሆናል፣ «ኢል ያ» «ያ» ይሆናል፣ «ዠ ነ ሴ ፓ» ተጨማድዶ «ሼፓ» ይሆናል። ደግሞ «ኢልዞን» ማለት «አላቸው»፣ «ኢልሶን» ማለት «ናቸው» መሆኑ አንድ ተነባቢ ላይ ነው የተንጠለጠለው። መብራት በሄደ ምሽት እንኳን በስልክ የሚሠራ ሥራ ነው።

ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው ክፍያውንና ወራቱን ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? በአንድ ወር ስንት ጽሑፍ ታርሞ ይመለስልኛል? በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከተባለ ጥሩ ነው። የታረመውንም ተማሪው መልሶ ይጻፈው፤ መምህሩ ስሕተቱን በምልክት ብቻ ያሳየው፣ ትክክሉን ተማሪው ራሱ ያምጣው። እንዲህ ከሆነ መምህሩም በ10 ደቂቃ ፈንታ በ6 ይጨርሰዋል።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር። የዴልፍ ዲፕሎማ ጊዜ አያልፍበትም። ቴሴኤፍና ቴፍ የሚባሉት ሌሎች የፈረንሳይኛ ፈተናዎች (ሁለተኛው ከጤፍ ጋር ዝምድና የለውም) ግን የሚያገለግሉት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ለካናዳ የሚያመለክት ሰው የሚፈለግበት የሁለቱ ፈተናዎች የካናዳ ዓይነት ነው፤ ዴልፍ ይዞ ለፌዴራሉ ኤክስፕረስ ኢንትሪ (በነጥብ ለሚመርጠው የኢሚግሬሽን ማመልከቻ) ቢሄድ ነጥብ አያስቆጥርለትም። ፋይሉ ሳይዘጋጅ ቀድሞ የተፈተነ ሰው ተራው ሲደርሰው ወረቀቱ አርጅቶ ዳግም ይከፍላል። ስለዚህ የት እንደሚያመለክት ቀድሞ ይወቅ፣ የፈተናውን ቀን ከማመልከቻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የማታ ክፍል የፈረንሳይኛ መምህራን
አዲስ አበባ